የጁን ሥራ፦ ከሀሪኬን በፊት በእጅ ያለው ጊዜ

የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት በየዓመቱ ጁን 1 ይገባል፣ ኖቬምበር 30 ይወጣል። ከቴክሳስ ተነስቶ በሉዊዚያና፣ በሚሲሲፒና በአላባማ አልፎ፣ ፍሎሪዳን ዞሮ እስከ ካሮላይናዎቹ በሚደርሰው ጠረፍ የሚኖር ሰው ግን ጁን ላይ ሰማዩን ቢያይ ብዙውን ጊዜ የሚያስደነግጥ ነገር አያገኝም። ወቅቱ የሚበረታው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው፤ ጫፍ የሚደርሰውም ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ልክ እንቁጣጣሽ ሲመጣ። «ገና ሁለት ወር አለ» እያሉ ማቆየት የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የዝግጅት ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ በዕቃ ይደረደራሉ፦ ውሃ፣ የታሸገ ምግብ፣ የእጅ ባትሪ። በእኔ እምነት መደርደር ያለባቸው በሚፈጁት ጊዜ ነው። አንዱ ሥራ 30 ቀን ይፈልጋል፣ ሌላው አንድ ሙሉ ቅዳሜ፣ ሌላው ሁለት ሰዓት። ማዕበሉ ስም ወጥቶለት ቴሌቪዥን ላይ መሽከርከር ሲጀምር በእጅ የሚቀረው ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ብቻ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ውሃ ሲሻማ የሚታየው ሕዝብ የሚሠራውም እሱኑ ነው። ስለዚህ ከረጅሙ ልጀምር።

ረጅሙ የጎርፍ ኢንሹራንስ ነው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ ያደረሰውን ጉዳት አይከፍልም። ነፋስ ጣሪያ ገንጥሎ ዝናብ ቢያስገባ ይከፍላል፤ ውሃው ከመሬት ተነስቶ በበር ከገባ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለዚህኛው የተለየ ውል ያስፈልጋል፣ አብዛኛው ሰውም የሚገዛው በፌዴራል መንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም በኩል ነው። ቤት ሲገዛ ከብድሩ ጋር ተያይዞ ካልተገባ በቀር፣ ይህ ውል ሥራ ላይ የሚውለው በተገዛ በ30 ቀኑ ነው። ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ ማዶ የተነሳ ማዕበል አትላንቲክን አቋርጦ አሜሪካ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ እዚያው ገልፍ (የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ) ውስጥ የተወለደው ደግሞ ሦስት አራት ቀን። ዜናውን ሰምቶ የሚደውል ሰው ለዘንድሮው አይደርስም።

ፕሮግራሙ ለአንድ መኖሪያ ቤት የሚከፍለው ቢበዛ 250,000 ዶላር ለሕንፃው፣ 100,000 ዶላር ለዕቃው ነው። ሁለቱ ለየብቻ የሚገዙ ሽፋኖች ናቸው፤ ለሕንፃው ብቻ ከፍሎ ዕቃውም የተሸፈነ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ተከራይም የዕቃውን ሽፋን ለብቻው መግዛት ይችላል፣ ይህን ደግሞ የሚያውቀው ጥቂት ነው። «የእኔ ቤት ካርታው ላይ አደገኛ ቀጠና ውስጥ አይደለም» የሚል መከራከሪያ ሲነሳ፣ ፕሮግራሙ ከሚቀበላቸው የካሳ ጥያቄዎች 40 በመቶ ያህሉ የሚመጡት ከዚያ ቀጠና ውጭ ካሉ ቤቶች መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። እዚያ አካባቢ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል።

የነፋሱን ውልም ጁን ላይ አውጥቶ ማንበብ ነው፤ በተለይ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣውን ድርሻ፣ ዲዳክቲብሉን። ለእሳት ወይም ለሌብነት 1,000 ዶላር የሚል ውል ለሀሪኬን ሲሆን በመቶኛ ይሰላል፤ መቶኛው የሚወሰደውም ከደረሰው ጉዳት ላይ አይደለም፣ ቤቱ ከተሸፈነበት ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ነው። በ300,000 ዶላር የተሸፈነ ቤት 2 በመቶ ቢሆን 6,000 ዶላር፣ 5 በመቶ ቢሆን 15,000 ዶላር ከራስ ይወጣል። የጣሪያ ክዳን ለማደስ 12,000 ዶላር የተጠየቀ ሰው በሁለተኛው ውል ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ቴክሳስ ጠረፍ ላይ ደግሞ ብዙ የቤት ውሎች ነፋስን ጭራሽ ያወጡታል፤ ለእሱ የሚገዛው የክልሉ የነፋስ ኢንሹራንስ ማኅበር፣ ሀሪኬን ገልፍ ውስጥ ከገባ በኋላ አዲስ ማመልከቻ አይቀበልም።

ከዚሁ ጋር ግማሽ ሰዓት የሚወስድ አንድ ሥራ አለ። ስልክ ይዞ እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ መቅረጽ፦ ቁም ሳጥን ተከፍቶ፣ መሳቢያ ተስቦ፣ የቴሌቪዥኑና የፍሪጁ መለያ ቁጥር ከጀርባው እየታየ፣ ጣሪያውና የውጭ ግድግዳው ከአራቱም ማዕዘን። ቪዲዮው ስልኩ ላይ ብቻ ከቀረ ስልኩ ውሃ ሲገባው አብሮ ይጠፋል፤ ወደ ክላውድ ይሰቀል ወይም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላክ።

አሁን ወደ ካርታው። ጠረፍ ላይ ያለ ቤት ሁለት ዓይነት ፊደል አለው፣ ሰዉም ሁለቱን ያምታታቸዋል። አንደኛው የጎርፍ ቀጠና ነው፦ ኤኢ፣ ቪኢ፣ ኤክስ የሚሉት። እሱ ለኢንሹራንስና ለግንባታ ነው። ሁለተኛው የመውጫ ቀጠና ነው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይቀጥላል፣ ሂውስተንና ጋልቨስተን አካባቢ ደግሞ በዚፕ ኮድ የተከፋፈለ ነው። ባለሥልጣናት «ቀጠና ኤ ይውጣ» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህኛው ነው። ኢንሹራንሱ ላይ ኤክስ (ከአደገኛው የጎርፍ ቀጠና ውጭ ማለት ነው) የሚል ያነበበ ሰው መውጫው ላይ ቢ ሊሆን ይችላል። የአድራሻን ፊደል የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ፍሪጅ ላይ መለጠፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ፊደሉ ምንም ይሁን ምን ይወጣል፤ ያን ቤት ውሃው ባይደርስበትም ነፋሱ ይገለብጠዋል።

ስለ ሀሪኬኑ ምድብ ቁጥር ማንሳት የግድ ነው፤ በእኔ ግምት ብዙ ሰው ቤቱ እንዲቆይ ያደረገው ይህ ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው ምድብ የሚለካው የነፋስን ፍጥነት ብቻ ነው። ምድብ 1 በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር፣ ምድብ 3 ከ178፣ ምድብ 5 ከ252 ይጀምራል። ስለ ውሃው ግን አንድም ነገር አይናገርም። ካትሪና በ2005 የብስ ስትነካ ምድብ 3 ነበረች፤ ሚሲሲፒ ውስጥ ፓስ ክርስቲያን ላይ ባሕሩን ከ8 ሜትር በላይ አነሳችው። አይክ በ2008 ጋልቨስተን ሲገባ ምድብ 2 ነበር፤ ቦሊቫር ልሳነ ምድር ላይ ከ4 ተኩል እስከ 6 ሜትር የደረሰ የባሕር ሙላት አምጥቶ ሰፈሮችን ከነመሠረታቸው ጠርጎ ወሰደ። ሃርቪ በ2017 ሂውስተንን ባጥለቀለቀበት ሰዓት ሀሪኬን መባሉ እንኳ ቀርቶ ነበር፤ ኔደርላንድ ቴክሳስ ላይ የወረደው ዝናብ 1,539 ሚሊ ሜትር ነው። ቤሪል በጁላይ 2024 ምድብ 1 ሆኖ ገብቶ ቴክሳስ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጣ፣ ከፊሎቹን በዚያ ሙቀት ከሳምንት በላይ።

ልዩነቱ የሚመጣው ከማዕበሉ ስፋት፣ ከፍጥነቱና ከባሕሩ ወለል ነው። ሰፊ ማዕበል ብዙ ውሃ ይገፋል፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ ብዙ ያዘንባል፤ የገልፍ ጠረፍ ወለሉ ጥልቀት የሌለው ስለሆነ የተገፋው ውሃ ወደ ታች መመለሻ አጥቶ ወደ የብስ ይወጣል። ስለዚህ ለመውጣት የሚወስን ሰው ከምድቡ ይልቅ መጠየቅ ያለበት «እኔ ቆሜበት ባለው መሬት ላይ ውሃው ስንት ጫማ ይወጣል?» ብሎ ነው። ማያሚ ያለው ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል የባሕር ሙላቱን ካርታና ማስጠንቀቂያ ለብቻው ያወጣል። መታየት ያለበት እሱ ነው።

ትንበያው ላይ የሚታየው ነጭ ሾጣጣም እንዲሁ በስህተት ይነበባል። የሚያሳየው የማዕበሉ እምብርት ከሦስት ጊዜ ሁለቱን የሚያልፍበትን ክልል ነው። የማዕበሉን ስፋት አያሳይም፤ ጠርዙ ላይ ያለ ከተማም ደኅና ነው ማለት አይደለም። በ2022 ኢያን ሲመጣ የብዙው ሰው ዓይን ታምፓ ላይ ነበር፤ ሴፕቴምበር 28 የገባው ከዚያ በስተደቡብ፣ ፎርት ማየርስ አጠገብ ነው። ያ አካባቢ ሾጣጣው ውስጥ ነበር፤ ሰዉ የሚያየው ግን መሐል ያለውን መስመር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወደሚፈጀው ሥራ እንምጣ፦ ቤቱ ራሱ።

ነፋስ ቤት የሚያፈርሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ ገፍቶ ብቻ አይደለም። አንድ መስኮት ሲሰበር ወይም የጋራዡ በር ሲገባ ነፋሱ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ ከላይ ደግሞ የሚያልፈው ነፋስ ይስበዋል። ጣሪያው በሁለቱ መሐል ይነሳል። መስኮት መሸፈን ያስፈለገው መስታወቱ ውድ ስለሆነ ሳይሆን ለዚህ ነው። «ግፊቱ እንዲመጣጠን መስኮት ክፈቱ» የሚለው የቆየ ምክርም በዚሁ ምክንያት ፍጹም የተገላቢጦሽ ነው። ፕላስተር በኤክስ ቅርጽ መለጠፍም ምንም አይረዳም፤ ስብርባሪውን ትልልቅ ያደርገዋል እንጂ።

ብረት መዝጊያ ወይም ግጭት የሚቋቋም መስታወት የሌለው ሰው በፕላይውድ ይሠራል። ውፍረቱ አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ ለውጭ አገልግሎት የሚውለው ዓይነት ይሁን። አራት በስምንት ጫማ የሆነው አንድ ሉህ ከ50 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ጭራሽ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። ከመስኮቱ ክፈፍ በየጎኑ አራት ኢንች እንዲያልፍ ተደርጎ ይቆረጣል። በእንጨት ቤት ላይ ሩብ ኢንች ውፍረት ባለው ወፍራም ቪቴ፣ ቢያንስ አንድ ሦስት አራተኛ ኢንች እንጨቱ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ፣ በየ12 ኢንቹ ይታሰራል። በጡብ ወይም በብሎኬት ላይ ከሆነ የኮንክሪት መያዣ ያስፈልጋል፤ ቀዳዳው አስቀድሞ ተሰርስሮ መያዣው ጁን ላይ ይቀበራል፣ ማዕበሉ ሲመጣ ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ ይቀራል።

የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ቪቴው የተያዘው በምን ላይ ነው? ጌጥ ሆኖ የተለጠፈው ቀጭን ክፈፍ ወይም የቪኒል ሽፋኑ ላይ ከሆነ ነፋሱ ፕላይውዱን ከነክፈፉ ነቅሎ ይወስደዋል፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር 50 ፓውንድ እንጨት ደግሞ የጎረቤት መስኮት ላይ ነው የሚያርፈው። ቪቴው መያዝ ያለበት የግድግዳውን አጽም እንጨት ነው። ምስማር ደግሞ ነፋሱ ሲያርገበግበው ቀስ በቀስ ይወጣል። እያንዳንዱ ሉህ ላይ «ሳሎን፣ ግራ፣ ይህ ወደ ላይ» ብሎ መጻፍ በኋላ ግማሽ ቀን ያተርፋል። የድሪሉ ባትሪ የተሞላ መሆን እንዳለበትም ላስታውስ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ፕላይውዱን ማውለቅም አለ።

ጋራዥ በር ላይ ሁለት መኪና የሚያስገባው ሰፊው ነው ደካማው። በሩ የነፋስ ጫና የሚቋቋም መሆኑ ውስጠኛው በኩል በተለጠፈ ወረቀት ይታወቃል። ወረቀቱ ከሌለ ወይም በሩ አሮጌ ከሆነ ከወለል እስከ ራስጌው የሚቆም የማጠናከሪያ ቋሚ ይሸጣል፤ ማዕበል ሲመጣ የሚተከል፣ ሲያልፍ የሚነሳ። መኪናን ጀርባውን በሩ ላይ አስጠግቶ ማቆም ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ እኔ አላምንበትም፣ በሩ ከሐዲዱ ላይ ከወጣ መኪናው አያቆመውም።

ዛፍ አሁን ይመልመል። ማዕበሉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ተቆርጦ ደጅ የተከመረ ቅርንጫፍ የሚያነሳው የቆሻሻ መኪና አይመጣም፣ ነፋሱ ያነሳዋል። አሸንዳ ይጠረግ፤ የተደፈነ አሸንዳ ውሃውን ወደ ጣሪያው ጠርዝ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ግድግዳ ውስጥ ይገባል።

ጄኔሬተር። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ማዕበሉን አምልጦ በማግሥቱ የሚሞተው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በዚህ ነው። በ2020 ሎራ ሉዊዚያናን ከመታች በኋላ ቤተሰብ አንድ ላይ በጄኔሬተር ጭስ ያለቀበት ቤት ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ድካም ይመስላል፣ ሰውየው ልረፍ ብሎ ይተኛል። ጄኔሬተሩ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫው ወደ ውጭ ዞሮ፣ ከማንኛውም መስኮትና በር ርቆ ይቀመጥ። በሩ የተከፈተ ጋራዥ «ውጭ» አይደለም። በረንዳም አይደለም። ዝናብ እንዳይመታው ተብሎ ነው ሰው የሚያስጠጋው፤ ለዚህ ለራሱ ለጄኔሬተሩ የተሠራ ድንኳን አለ፣ እሱ ይገዛ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ በየመኝታ ክፍሉ አቅራቢያ ይሰቀል። ነገሩ ጄኔሬተር ላይ አያበቃም፤ መብራት ጠፋ ብሎ ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትም ያው ጋዝ ነው፣ መስኮት መክፈት አይበቃውም።

ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል? ፍሪጅ ሲሠራ ከ200 እስከ 700 ዋት ይወስዳል፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ለቅጽበት እስከ 2,000 ሊጠይቅ ይችላል። አነስተኛ የመስኮት ኤሲ 500 ዋት ገደማ ነው። የቤቱ ዋና ኤሲ ግን ለተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ከአቅም በላይ ነው። በእኔ ምርጫ አንድ ክፍል የሚያቀዘቅዝ የመስኮት ኤሲና ፍሪጁ ይበቃሉ፤ ከቤሪል በኋላ ቴክሳስ ውስጥ በሙቀት የሞቱ ነበሩ፣ ስለዚህ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ቅንጦት አይደለም። 5,000 ዋት የሆነ ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ጋሎን ይበላል፤ ሌት ተቀን ቢሠራ በቀን ከ12 እስከ 18 ጋሎን። ያን ያህል ቤንዚን ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ የለም፣ መቀመጥም የለበትም። የሚያዋጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ለፍሪጁ፣ ማታ ለመኝታ ክፍሉ ኤሲ እያፈራረቁ ማሠራት ነው።

ሽቦው ሌላው ጉዳይ ነው። ለቤት ውስጥ መብራት የተሠራ ቀጭን ኤክስቴንሽን 6 ሜትር ተዘርግቶ ፍሪጅ ሲያነሳ ይግላል፣ የፍሪጁም ሞተር ኃይል አጥሮት ይጎዳል። 12 ጌጅ የሆነ ወፍራም የውጭ ገመድ ይፈልጋል። ሁለት ወንድ ጫፍ ባለው ገመድ ጄኔሬተሩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር አገናኝቶ ቤቱን በሙሉ ማብራት ደግሞ ነፍስ ማጥፋት ነው፤ ኃይሉ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ፣ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ፣ የመንገዱን መስመር ይሞላዋል፣ የተቆረጠውን ሽቦ የሚጠግነው ሠራተኛ ይነካዋል። ለዚህ በኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚገጠም፣ ቤቱን ከመስመሩ ነጥሎ ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞር ትራንስፈር ስዊች አለ። እሱን ለማስገጠም ደግሞ ፈቃድና ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ ይህም የጁን ሥራ ነው።

ጄኔሬተር በሚያስፈልግበት ቀን አልነሳ የሚለው በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፦ ያለፈው ዓመት ቤንዚን ካርቡራተሩ ውስጥ ደርቆ ቀጫጭኑን ቀዳዳ ደፍኖታል። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን በአንድ ሁለት ወር ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ማረጋጊያ ፈሳሽ ቤንዚኑ ትኩስ ሳለ ይጨመርበት። በወር አንድ ጊዜ ተነስቶ 20 ደቂቃ፣ ጭነት ተሰክቶበት ይሥራ፤ ባዶውን ማስነሳት ሞተሩን እንጂ ኤሌክትሪኩን አይፈትሽም። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት ቅየራ ከ20 ወይም 25 ሰዓት በኋላ ነው፤ አንድ ሳምንት መብራት ቢጠፋ ይህ ሰዓት በሦስተኛው አራተኛው ቀን ይሞላል። ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ ዘይትና አንድ ካንዴላ አብረው ይቀመጡ። ነዳጅ የሚሞላው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

ውሃና ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሰው የሚያውቀው ነው። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን። አራት ሰው ላለበት ቤት ለሰባት ቀን 28 ጋሎን፣ ማለትም 106 ሊትር ገደማ። በየሳምንቱ አራት ጋሎን እየገዙ ከጁን መጀመሪያ ቢነሱ ጁላይ አጋማሽ ላይ ይሞላል፣ ሰልፍም የለው። የመታጠቢያ ገንዳውን መሙላት ለሽንት ቤት ነው፣ ለመጠጥ አይደለም፤ የገንዳው ክዳን በሌሊት ቀስ ብሎ ስለሚያፈስስ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ወፍራም ፕላስቲክ ማንጠፍ ወይም ትልልቅ ባልዲ መጠቀም ይሻላል። ሽንት ቤቱን ለማስወረድ ሁለት ጋሎን ያህል በአንድ ጊዜ መቀመጫው ውስጥ መድፋት ይበቃል። አጠራጣሪ ውሃ ማፍላት ካልተቻለ ሽታ የሌለው ተራ በረኪና፦ ጥንካሬው 6 በመቶ ከሆነ ለአንድ ጋሎን 8 ጠብታ፣ 8.25 በመቶ ከሆነ 6 ጠብታ፤ 30 ደቂቃ መጠበቅ፤ ውሃው ከደፈረሰ በጨርቅ አጥልሎ ጠብታውን እጥፍ ማድረግ።

ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሽ ከሆነ 24፣ ፍሪጁ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ስለዚህ ፍሪዘሩ ባዶ ቦታ ካለው በውሃ ጠርሙስ ይሞላ። ቤቱን ለቆ ለሚሄድ ሰው፦ አንድ ስኒ ውሃ በረዶ ሆኖ ሳንቲም ላዩ ላይ ይቀመጥ። ሲመለስ ሳንቲሙ ከታች ከተገኘ ምግቡ ቀልጦ እንደገና የረጋ ነውና ይጣላል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ ይያዝ። ፍሎሪዳ ውስጥ ካውንቲው በሀሪኬን ማስጠንቀቂያ ሥር ሲሆን መድኃኒቱን ከቀጠሮው በፊት ለ30 ቀን መሙላት ሕጉ ይፈቅዳል፣ ፋርማሲው ግን ክፍት መሆን አለበት። የተከፈተ ኢንሱሊን አብዛኛው ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለ28 ቀን ያለ ፍሪጅ ይቆያል፤ ችግሩ መብራት የሌለው ቤት ከ30 ዲግሪ በላይ መሆኑ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ያለው ቤተሰብ ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ካውንቲው የልዩ ፍላጎት መዝገብ ላይ ይመዝገብ። ማዕበሉ ከተቃረበ በኋላ የሚመዘገብ ሰው መጓጓዣ ላይደርሰው ይችላል።

ሰነድ ላይ እኛ ከአገር ቤት የመጣነው ከሌላው የሚበልጥ ኪሳራ አለብን። ግሪን ካርድ፣ የዜግነት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ ከአገር ቤት የመጣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፤ እነዚህን መተካት ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ውሃ በማያስገባ ከረጢት ገብተው ሲወጣ በአንድ እጅ የሚነሱ ይሁኑ። ጥሬ ገንዘብም በትንንሽ ኖት፤ መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ካርድ አይሠራም፣ ባለ 100ም መልስ የለውም።

እንግዲህ ዜናው መጣ። ሀሪኬን ዋች፣ «ሊመጣ ይችላል» የሚለው ማሳሰቢያ፣ የሚወጣው ነፋሱ ሊደርስ ይችላል ተብሎ ከሚጠበቅበት 48 ሰዓት በፊት ነው፣ ዋርኒንግ፣ «ይጠበቃል» የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ ደግሞ 36 ሰዓት በፊት። የሚቆጠረው እምብርቱ እስኪገባ ሳይሆን ውጭ መሥራት የማይቻልበት ነፋስ እስኪጀምር ነው። ከዋች ጀምሮ የሚሠራው ያ የተቆረጠውን ፕላይውድ መስቀል፣ ደጅ ያለውን ወንበርና የአበባ ማሰሮ ማስገባት፣ ስልክ መሙላት፣ መኪናውን ነዳጅ መሙላት ነው። ሁልጊዜም 48 ሰዓት ይገኛል ማለት ግን አይደለም። በኦክቶበር 2023 ኦቲስ የሜክሲኮዋ አካፑልኮ ላይ የደረሰው ምድብ 5 ሆኖ ነው፤ ከአንድ ቀን በፊት ተራ ትሮፒካል ስቶርም፣ ማለትም ገና ሀሪኬን ያልሆነ ማዕበል፣ ነበር።

ቀጠናው እንዲወጣ የታዘዘ ሰው ይውጣ፤ ያልታዘዘ ሰው ግን ቤቱ ጠንካራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባይወጣ ይሻላል። በ2005 ሪታ ስትመጣ ካትሪናን ያየው የሂውስተን ሕዝብ በአንድ ላይ ወጥቶ መንገዱ ለቀናት ተዘጋ፤ ከ100 በላይ ሰው የሞተው በዚያ ጉዞ ላይ ነው፣ በሙቀትና በአደጋ። የሚወጣውም ሩቅ መሄድ የለበትም። ከባሕሩ ሙላት 50፣ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ያለ፣ ከፍ ያለ መሬት ላይ ያለ የጓደኛ ቤት ከ500 ኪሎ ሜትር ሆቴል ይበልጣል። ውሃ ያለበት መንገድ ላይ ደግሞ አለመሞከር ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚፈስስ ውሃ አነስተኛ መኪና ይወስዳል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና።

በዚያች ሌሊት የሚሠራው ትንሽ ነው። መስኮት የሌለው ውስጠኛ ክፍል፣ ጫማ ተጫምቶ፣ ራዲዮ ከፍቶ። በድንገት ጸጥ ካለ እምብርቱ እያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ በዚያው ኃይሉ ይመለሳል፣ ውጭ ወጥቶ ጣሪያ ማየት አይገባም። ውሃ ቤት ውስጥ ከገባ መውጫ ወደሌለው ኮርኒስ ውስጥ አለመግባት፤ ወደ ላይ መውጣት ግድ ከሆነ ጣሪያ መቁረጫ መጥረቢያ አብሮ ይውጣ።

ሲያልፍ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ጽዳት። ውሃው የደረሰበት መስመር ግድግዳው ላይ እየታየ ይነሳ። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር የኢንሹራንሱን ሠራተኛ እየጠበቁ እርጥብ ምንጣፍ ማቆየት አያስፈልግም፤ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ቁራጩን ለናሙና አስቀርቶ ሌላውን ማውጣት ይቻላል። የጂፕሰም ግድግዳ ውሃውን እንደ ክር ወደ ላይ ስለሚስበው ከውሃው መስመር በላይ ይቆረጣል፤ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ አራት ጫማ ላይ የሚቆርጡት ሉሁ አራት ጫማ ስለሆነ መልሶ ለመግጠም እንዲመች ነው። የጎርፍ ኢንሹራንሱ የጉዳት ማረጋገጫ ቅጽ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ለፌማ (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) እርዳታ ማመልከቻም አብዛኛውን ጊዜ አደጋው ከታወጀበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ 1-800-621-3362 ላይ ደውሎ በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ኢንሹራንስ ያለው ሰውም ያመልክት፤ መጀመሪያ የሚመጣው «አይገባዎትም» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት ጎድሏል ማለት ነው፣ ይግባኝም አለው። በር እያንኳኳ «ጣሪያውን ዛሬውኑ እሠራለሁ፣ ግማሹን አሁን ክፈሉ» የሚለውን ሥራ ተቋራጭ ግን በትሕትና ማሰናበት ነው።

ኖቬምበር 30 ሲደርስ ደግሞ ቤንዚኑ ከጄኔሬተሩ ታንክ ይውጣ፣ ሞተሩም ካርቡራተሩ እስኪደርቅና ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ፤ የተረፈው ቤንዚን ማረጋጊያ ካለው መኪናው ውስጥ ይገልበጥ። የፕላይውዱ ሉሆች መሬት ሳይነኩ በቁማቸው ጋራዥ ውስጥ ይደገፉ፣ ቪቴዎቹም በአንድ ጣሳ ውስጥ እዚያው ላይ ይታሰሩ።